በማዳም እሌኒ ቤት የገና ኩራቢዬ

ወረርሽኙ የጆሃንስበርግን በር ሁሉ በዘጋበት ታኅሣሥ፣ እኔ በምኖርበት በትሮይቪል ሰፈር ከአጥሬ ማዶ የሚኖሩት ግሪካዊት አሮጊት ብስኩት ሲጋግሩ የቅቤውና የቅርንፉዱ ሽታ በመስኮቴ ገብቶ፣ ድሬዳዋን፣ እናቴ በወጥ ቤትነት ትሠራበት የነበረውን የማዳም እሌኒን ቤት ይዞልኝ መጣ።

ማዳም እሌኒ እዚያው ድሬዳዋ ተወልደው ያረጁ ግሪካዊት ነበሩ። በፍልሰታ እሳቸውም ስለሚጾሙ በዘይት የተሠራ ሐላዋ ሳህን ሙሉ ይልኩልን ነበር፤ ፋሲካችንም አብሮ ስለሚውል ጣፋጩን ዳቦ የምንቆርሰው እኩል ነበር። ጭንቁ የሚመጣው ብርዱ ሲገባ ነው፤ የእነሱ ገና የእኛን ስለሚቀድም፣ እናቴ በጾመ ነቢያት መሀል ኩራቢዬ የሚሉትን፣ በቅቤ ተለውሶ የተፈጨ ስኳር የሚነሰነስበትን ብስኩት ስትጋግር ውላ አንዲት ፍርፋሪ ሳትቀምስ ትመለስ ነበር። የሚቀምሱት፣ ይህን ጾም የማይጠብቁት ማዳም ነበሩ። የእኛ ድርሻ በቆርቆሮ ታሽጎ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣና፣ እኛ ልጆች እስከ ገና ድረስ ወደ ላይ እያየን እንተኛ ነበር።

አንድ ዓመት ማዳምን ጉንፋን ይዟቸው ምላሳቸው ጣዕም አልለይ አለ። ከቅዳሴ በኋላ የከተማው ግሪክ ሁሉ እሳቸው ቤት ይመጣ ነበርና፣ ተጨንቀው እናቴን ቅመሺ አሏት፤ እሷም ጾም ላይ ነኝ፣ አይሆንልኝም አለች።

«አስካለ፣ ካልቀመስሽ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አሏት።

አባታችን ከሞተ ወዲህ የምንኖረው እናቴ ከዚያች ወጥ ቤት በምታገኘው ደመወዝ ነበር። እናቴ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወጣችና፣ አብሬያት ሄጄ የነበርኩት እኔ ሥራው ቀረ ብዬ ሳለቅስ፣ ጎረቤታችንን ሐሊማን እየጎተተች ተመለሰች። ሐሊማ እስላም ናት፣ የእኛ ጾም አይመለከታትም። ቁጭ ብላ፣ ቀስ አድርጋ አላምጣ፣ «አቦ አስካለ፣ ይሄ ጥርስ ለታመመ ነው እንዴ የተጋገረው? ቅርንፉዱ አፌን አደነዘዘው» አለች፤ ወዲያው እስቲ ላጣራ ብላ ሌላ አንድ አነሳች።

ማዳም ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። እናቴ ለቀረው ሊጥ ቅቤና ዱቄት ጨምራ እንደገና ጋገረች፣ ሐሊማም እስኪበቃት ቀመሰች። ከዚያ ወዲያ ገናቸው በመጣ ቁጥር ማዳም ራሳቸው ሐሊማን ያስጠሯት ነበር፤ የእናቴ ሥራም ጾምም ሳይነካ ኖረ።

አሮጊቷ ጎረቤቴ ያን ታኅሣሥ ማስካቸውን አጥልቀው አንድ ሳህን አጥሩ ላይ አኖሩልኝና፣ ከሩቅ እጃቸውን አወዛውዘው ገቡ። እኔም ለእኛ ገና ብዬ ከደንኩት። ቤተ ክርስቲያኑ ዝግ ስለነበር ቅዳሴውን የሰማሁት በስልኬ ነው። ቅመሺ ብሎ የሚያስጨንቀኝም፣ ስለ እኔ የሚቀምስልኝም ሰው አልነበረምና፣ እንደዚያ የቀለለኝ ጾም አላውቅም። እናቴ ጾሟን የጠበቀችው በሰው ተፈትና፣ በሰው ተደግፋ ነበር፤ እኔ የእኔን ያለ ማንም ፈጸምኩት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ መቅለሉ ግን ከብዶኝ ነበር።