የሙሽራ ልቅሶና የላቀው መብራት

ላቀው በቅናት የታመመ ሰው ነበር። ይህን የምለው ስለምጠላው አይደለም፤ የአጎቴ ልጅ ነው፣ ቡሬ ውስጥ ያደግነው አንድ ግቢ ነው። ጎረቤት በሬ ሲገዛ ሆዱን ያመዋል፤ ሌላ ሰው ሲመሰገን ፊቱ ይጠቁራል። "ምቀኛ አታሳጣኝ" ብለው ለሚጸልዩ ሰዎች እግዜር የሰጣቸው መልስ እሱ ነው እያልን እንስቅበት ነበር። እሱ ግን አይስቅም።

ፎቶግራፍ ማንሳት የተማረው ጣሊያን ቡሬ ሰፍሮ ለሰው የመተላለፊያ ወረቀት ማደል በጀመረ ጊዜ ነው። ለወረቀቱ የሰውን ፊት የሚያነሳ አንድ ጣሊያን ነበረ፤ ላቀው የእሱ ሳጥን ተሸካሚ፣ ውሃ ቀጂ፣ በኋላም ፊልም አጣቢ ሆነ። ሰውየው በወባ ታሞ ወደ አገሩ ሲመለስ አሮጌ ካሜራውን ትቶለት ሄደ። ላቀው እሷን ይዞ በገበያ ቀን ሰዉን ከነጭ ግድግዳ ሥር ፀሐይ ላይ እያቆመ ያነሳ ጀመር። ከፀሐይ ውጭ ግን ምንም አያውቅም። ደመና ሲመጣ ዕቃውን ጠቅልሎ ቤቱ ይገባል።

አስካለ ማርያምን ያወቃትም በዚሁ ሥራ ነው። ከቡሬ በታች ካለ ገጠር ከአባቷ ከአቶ እንዳለው ጋር ቅቤ ልትሸጥ መጥታ፣ አባቷ ለወረቀቱ ሲነሱ ቆማ ታያለች። "አንተ፣ የሰውን ፊት ወስደህ ወዴት ታኖረዋለህ?" አለችው፤ ሳቀችም። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ላቀው ግን በዚያች ሳቅ ላይ ጎጆ ቀለሰ፣ ልጅ ወለደ፣ ክርስትና አነሳ። ሽማግሌም ላከ። አቶ እንዳለው "ልጅቱ ለአድማሴ ከታጨች ቆይታለች" ብለው መለሷቸው። አድማሴ የወጀት ሰው ነው፤ ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላት ከተማ ያኔ ስሟ ወጀት ነበር። በሬውም መሬቱም የሞላለት፣ ትከሻው የሰፋ ጎልማሳ።

"በግድ ነው የሚሰጧት" አለኝ ላቀው።

"ማን ነገረህ? ወድዳ ይሆናል።"

"ማን ይነግረኛል? ዓይኔ ነግሮኛል።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ላቀው ሞኝም ነበረ፣ ሥራውም ወረቀት ነበረ።

በጥር ወር አቶ እንዳለው ራሳቸው በራችን ድረስ መጡ። አርበኛው ዱር ገብቶ ስለነበር ጣሊያኑ ሠርግ ላይ ጥይት መተኮስ ከልክሏል። ተኩስ የሌለበት ሠርግ ደግሞ ለአቶ እንዳለው የለቅሶ ቤት ማለት ነው። "ያች እንደ መብረቅ የምትበራ መብራት አለች ይላሉ" አሉት። "በተኩስ ፈንታ እሷን ይዘህልኝ ና። ዳሱ ውስጥ ሙሽሮቹ ላይ ብልጭ ታድርግልኝ፤ ጠላቴም ወዳጄም ይየው።" እኔ እምቢ ይላል ብዬ ነበር። እሱ ግን "እሺ፣ እመጣለሁ" አለ። ምክንያቱን የነገረኝ እሳቸው ሲሄዱ ነው። አስካለ ሙሽራ ሆና ስታለቅስ ፊቷን በወረቀት ላይ ሊይዘው ፈልጓል፤ የምታለቅሰው ለእሱ መሆኑን በዓይኑ ሊያየው።

መብራቱን ፍለጋ ዑስማን ሱቅ አብረን ሄድን። ዑስማን ከአዲስ አበባም ከአስመራም ዕቃ የሚያስመጡ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው፤ ጣሊያኖቹ ራሳቸው ፊልም የሚገዙት ከእሳቸው ነው። መጀመሪያ ባሩድ የሚመስል የብርሃን ዱቄት አሳዩን፤ ሰሃን ላይ ተደርጎ በእሳት ይለኮሳል።

"ይኸስ ይቅርብህ" አሉ ራሳቸው። "ድም ይላል። አንድም ዳሱን ታነደዋለህ፣ አንድም ጣሊያኑ ተኩስ መስሎት ይመጣብሃል።"

ቀጥለው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ካሜራው ራስ ላይ የሚታሰር መያዣና አንድ የመስታወት አምፑል አወጡ። አምፑሉ አንዴ በርቶ የሚሞት ነው። ከዚያ ሦስት አጋዥ ዕቃ ደረደሩለት። አንዱ የሚያብለጨልጭ ጎድጓዳ ሰሃን ነው፤ ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ፊት ይወረውራል። አንዱ አምፑሉን የሚጋርድ ስስ ነጭ ጨርቅ ነው፤ ብርሃኑን ያለዝባል። የመጨረሻው ረዥም ሽቦ ነው፤ መብራቱን ከካሜራው አላቅቆ ወደ ጎን ወስዶ ለመስቀል። የላቀው አቅም ለአንዱ ብቻ ነበር።

"ጋሽ ዑስማን፣ ለጀማሪ የትኛው ይሻለዋል ይላሉ?" አለ ላቀው።

"ለጀማሪማ ጨርቁ ነው። ሙሽራውም፣ ሙሽሪትም፣ ሚዜውም እኩል ይታዩልሃል። ግንባራቸው አያብረቀርቅም፣ ተኋላቸውም ጥቁር ጥላ አይቆምም። ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል።"

ላቀው ሁሉም ደስ እንዲለው አልፈለገም። "ሙሽሪት ዓይነ ርግብ ትከናነባለች" አለ። "ፊቷ በዚያ ስስ ሻሽ ውስጥ እንዲታይ ምን ላድርግ?"

ዑስማን ቀና ብለው አዩት። "ተፊት ካበራህባት ዓይነ ርግቡ ነጭ ግድግዳ ይሆንብሃል። ተጎን ሲሆን ይሳሳል፤ ውስጡ ይታያል። ነገር ግን ሙሽራው ተሷ ወዲያ ነው የሚቀመጠው፤ ጥላዋ ይወድቅበታል። ጨለማ ውስጥ ይቀራል።"

"ሽቦውን ይስጡኝ" አለ ላቀው።

ስንወጣ እጄን ያዝ አድርገው "ይኸ ልጅ መብራት ነው የሚገዛ ወይስ በቀል?" አሉኝ። እኔ ሳቅሁ።

የሠርጉ ዕለት ዳሱ ቅጠሉ ከመጠቅጠቁ የተነሳ በቀትር ጨለማ ነበር። ላቀው መብራቱን ከሙሽሪት መቀመጫ ጎን ከቆመው ምሰሶ ላይ አሰረ፤ ሽቦውን በጉዝጓዙ ሥር ስቦ እስከ ካሜራው አመጣው። አድማሴ ከነሚዜዎቹ ገባ። ካባ ደርቦ ሲቀመጥ እድምተኛው ሁሉ አደነቀው። ላቀው ከንፈሩን ነከሰ። "ካባው እኮ የአባቱ ነው" አለኝ በጆሮዬ።

ከዚያ አስካለን አወጧት። ከነዓይነ ርግቧ አባት እናቷ ጉልበት ላይ ወድቃ አለቀሰች። በአገራችን ሙሽራ ታለቅሳለች፤ ካላለቀሰች "ምን እንዲህ አቻኮላት፣ ወላጆቿን አትወድም ወይ" ትባላለች። አስካለ ደግሞ ድምፅ ነበራት። "እናቴ፣ ለማን ሰጠሽኝ" ስትል ሴቶቹ አብረው ያነባሉ። ይህን ወግ ላቀው ከእኔ እኩል ያውቃል፤ ስንት ሠርግ አብረን በልተናል። የዚያን ዕለት ግን ቅናቱ የሚያውቀውን ሁሉ አስረሳው። "ሰማሃት?" አለኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። "እየጠራችኝ እኮ ነው።"

አድማሴ አጠገብ አስቀመጧት፤ ልቅሶዋን አላቋረጠችም። ላቀው ከካሜራው ኋላ ሆኖ "ሙሽራዋን ላነሳት ነው፤ ማንም እንዳይነቃነቅ" አለ። አንደኛው ሚዜ ዳኘው ብድግ አለ።

"ሙሽራ የማነሳ እኔ ነኝ። በቅሎዋ ላይ የማወጣትም እኔ። አንተ ምን ቤት ነህና ታነሳታለህ?"

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። አቶ እንዳለው "መልኳን ነው ልጄ፣ መልኳን" ብለው አስቀመጡት። ላቀው አልሳቀም። "እኔ ነኝ የማነሳት" አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ ያህል። ከዚያ ካሜራውን ከፈተና ቁልፉን ተጫነ። ዳሱ ለቅጽበት ነጭ ሆነ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ አቶ እንዳለው ደረታቸውን ነፉ።

በማግስቱ መስኮት በሌላት ዕቃ ቤታችን ገብቶ ፊልሙን ማጠብ ጀመረ። እስኪጠራኝ ደጅ ቆሜ ጠበቅሁ፤ አልጠራኝም። ስገባ ሥዕሉ ውሃ ውስጥ ተንሳፍፏል፣ እሱ ቁጢጥ ብሎ ያየዋል። ዑስማን እንዳሉት ሆኗል። በአድማሴ ቦታ የካባው ጫፍና አንድ ጉልበት ብቻ ይታያል፣ የቀረው ጨለማ ነው። አስካለ ግን በዓይነ ርግቡ ውስጥ እስከ ቅንድቧ ወጥታለች። አንድ ጠብታ እንባ የለባትም። አፏ ለልቅሶው ተከፍቷል፤ ዓይኗ ግን ከሻሹ ሥር ሰው የማያያት መስሏት ወደ ጎን ዞሮ፣ ጨለማው ውስጥ ያለውን ሰው እያየ ይስቃል። እንደዚያ ያለ ደስታ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። "አላልሁህም?" ልለው አስቤ ነበር፤ ተውሁት።

"ብቀደውስ?" አለኝ።

"የአቶ እንዳለው ነው፤ ያንተ አይደለም።"

ሙሽሮቹ ለመልስ ሲመጡ ሥዕሉን ሊወስዱ ቡሬ እኛ ዘንድ ጎራ አሉ። አድማሴ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ራሱን ፈለገ፣ ገለበጠው፣ እንደገና ፈለገ። አስካለ ከትከሻው በላይ አየችና በእፍረት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

"እኔስ የታለሁ?" አለ አድማሴ። "በገዛ ሠርጌ እኔ የታለሁ፣ ወንድሜ?"

ላቀው አምፑሉ ደክሞ ነው፣ ጀማሪ ነኝ፣ ሊለው ይችል ነበር። ጎንበስ ብሎ ጣቱን ከወረቀቱ ላይ፣ ከአስካለ ዓይን አኖረ።

"እዚህ ነህ" አለው። "የሌለሁስ እኔ ነኝ።"

አድማሴ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ አስካለ ግን አልሳቀችም።