ያለ ቅድመ ሁኔታ

ባለፈው ማክሰኞ፣ ቬሊንግቢ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ከደብተሯ መሀል አንድ ሉክ ገነጠለች። ድምፁን ሰማሁት። ቀና ስል ሉኩን ይዛዋለች፤ መሀሉ ላይ ሽቦው የነበረባቸው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ልጆቹን ለባልደረባዬ ትቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁና ፊቴን ታጠብኩ። አንቺ ታናሽ እህቴ ደግሞ ሁልጊዜ "ቤተ ክርስቲያን ለምን አባዬ አጠገብ አትቀመጪም?" እያልሽ ትነዘንዢኛለሽ። እንግዲህ ዛሬ ልንገርሽ፣ ስትሰሚ ግን በስዊድንኛ እንዳታቋርጪኝ። አንቺ ያኔ ገና አልተወለድሽም።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ሃሉንዳ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር፤ አባዬ ሶደርተልየ የከባድ መኪና ፋብሪካ ይሠራል። እሁድ ከሰዓት፣ ስዊድኖቹ አምልኳቸውን ጨርሰው ሲወጡ፣ እኛ የተከራየነው አዳራሽ ውስጥ እንገባለን። አዳራሹ እርጥብ ካፖርትና የወለል ሰም ይሸታል። በበረዶው ወራት መዝሙር ስንጀምር መስኮቱ ላይ ብርሃን ይኖራል፣ ስንጨርስ ጨልሟል።

አንድ እሁድ የጉባኤያችን ዋና ሽማግሌ ተነሡና ወሎ ውስጥ አንድ የገበሬ ቤተሰብ እንርዳ አሉ። ባልና ሚስት ናቸው፣ የኔ እኩያ የሆነች ልጅ አለቻቸው፣ ከሷ በታችም ሌሎች አሉ። "በሬ ግዙበት፣ ዘር ግዙበት አንልም" አሉ ሽማግሌው። "ያለ ቅድመ ሁኔታ ነው የምንሰጠው። ችግራቸውን ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።" ኦርቶዶክሶች ናቸው እኮ ያለ ሰው ነበር። "ሃይማኖታቸውን ማን ጠየቀህ?" አሉት። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አባዬ መዳፉ እስኪቀላ አጨበጨበ። እኔም እንደዚያ ቀን በሰዎቻችን ኮርቼ አላውቅም።

ገንዘቡ ደሴ ባለ አንድ ነጋዴ በኩል ይደርሳል። ደብዳቤ መጻፉ ለእኔ ተሰጠኝ፤ ከጉባኤው ልጆች አማርኛ ማንበብና መጻፍ የምችል እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌሎቹ እናታቸው "ብላ" ስትላቸው እንኳ "ያ፣ ያ" ነው የሚሉት። ከዚያ በኩል የምትጽፈው ደግሞ ልጅቷ ነበረች። ደብዳቤዋ ከደብተር መሀል በተገነጠለ ሉክ ላይ ነው የሚመጣው፣ የእንጨት ጭስ ይሸታል። እሁድ እሁድ ጉባኤው ፊት ቆሜ አነበዋለሁ። ኩራቴን ብታዪ!

ቤታቸው ዓይናችን እያየ ተለወጠ። መጀመሪያ አንድ በሬ ብቻ ነበራቸው፤ ከጎረቤት በሬ ጋር መቀናጆ እየገቡ ነበር የሚያርሱት፣ ጎረቤትየው ቀድሞ ስለሚያርስ የእነሱ ማሳ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይዘራል። ሁለተኛውን በሬ ገዙ፣ በዚያ ዓመት ከሰው እኩል ዘሩ። ቀጥሎ ጣራቸው ቆርቆሮ ሆነ። እናቷ እንጨት ተሸክማ ገበያ መውረድ ተወች። "እናቴ ትናንት በቀን ተኛች" ብላ ጻፈችልኝ፤ "ታመመች ብለን ደነገጥን፣ ለካ እንዲሁ ተኝታ ነው።" ይህን ሳነብ ሴቶቹ ሳቁም፣ አለቀሱም። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ልጅቷ ከተማ ወርዳ ሰባተኛ ክፍል መግባቷ ነበር። ከሁለት ልጆች ጋር ክፍል ተከራይታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቋን ከቤት እያመጣች ትማራለች። ኪራዩም ደብተሩም ከእኛ ነበር። እርዳታው ከቆመ ወደ ቤት መመለሷ ነው፤ ይህን እሷም እኔም እናውቅ ነበር።

እኛ ደግሞ በዚህ መሀል ጓደኛሞች ሆንን። ለጉባኤው ከሚጻፈው ውስጥ አጣጥፋ ሌላ ወረቀት ትከትልኛለች፣ ላዩ ላይ "ላንቺ ብቻ" ብላ። ስለ መምህሮቿ፣ ክፍል ውስጥ አብራት ስለምትተኛዋ አንኮራፊ ልጅ ትጽፋለች። እኔም ስለ በረዶው፣ ስለ ቀዩ ሜትሮ፣ ክፍሌ ውስጥ ስለምወደው ልጅ እጽፍላታለሁ። ይህንን ደግሞ ለማንም እንዳትናገሪ።

አንድ ቀን ያ ወረቀት ረዝሞ መጣ። "አያቴ በክፉው ቀን መጠለያ ውስጥ ነው የሞተው" ይላል። "ያለ ፍትሐት ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ አባቴ የሰው ተዝካር ሲጠራ በር አጠገብ ነው የሚቀመጠው። በልቶ የማያበላ እንዳይባል ቶሎ ቶሎ ጎርሶ ይወጣል። ዘንድሮ በእናንተ ገንዘብ የአያቴን ተዝካር አወጣ። አገሩ ሁሉ በላ። አባቴ መሀል ተቀመጠ፣ ሲስቅ አየሁት። የእናንተ ሃይማኖት ይህን አይወድም ይላሉ። ጓደኛዬ ስለሆንሽ ነው የነገርኩሽ፣ ለሰው እንዳትነግሪ።"

እኔ ሞኟ ለአባዬ ነገርኩት። በክፋት አልነበረም፣ ደስታው አልቻል ብሎኝ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ምድር ቤት ባለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ፣ ትቬትስቱጋ ውስጥ ነበርን። ተራችን ነበር፣ ማሽኑ ያንጎራጉራል፣ እሱ አንሶላውን በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው ይዘን እናጥፋለን። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩለት። ስጨርስ የአንሶላውን ጫፍ እንደያዘ ቆሞ ነበር። "እኔም አባቴን አልቀበርኩም" አለኝ። "ሱዳን ሆኜ ነው የሰማሁት።" ዓይኑ ሞላ። ከዚያ እጄን ያዘና "ይሄ ነገር በእኔና ባንቺ መካከል ይቀራል፣ ቃሌ ነው" አለኝ። እንደዚያ ቀን አባዬን ወድጄው አላውቅም፣ እውነቴን ነው።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። እሁድ የአባላት ስብሰባ ሆነ። ሁለት ጉዳይ ነበር፤ አንደኛው አዲስ ሽማግሌ መምረጥ፣ ከታጩት አንዱ አባዬ ነው። ሁለተኛው የዚያ ቤተሰብ እርዳታ ይቀጥል ወይስ ገንዘቡ ለድምፅ ማጉያ ይዋል የሚል። አንዱ ሰውዬ ተነሥቶ "ገንዘቡን ለባዕድ አምልኮ አውለውታል የሚባል ወሬ ከደሴ ሰምቻለሁ" አለ። ዋናው ሽማግሌ "በዚህ ነገር የሚያውቅ አለ?" ብለው ጠየቁ።

እኔ ወለሉን አየሁ። ከአጠገቤ ወንበር ሲጢጥ አለ። አባዬ ተነሣ፣ ከኮቱ የውስጥ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የኔ ወረቀት ነው። መሳቢያዬን ከፍቶ ወስዶታል! መነጽሩን አድርጎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "አባቴ መሀል ተቀመጠ" የሚለውን ሳይቀር ለሰው ሁሉ አነበበው። "እውነትን በጉባኤው ፊት መደበቅ አልችልም" ብሎ ተቀመጠ። ሱዳን ላይ ስለሰማው ሞት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ያ "ያለ ቅድመ ሁኔታ" ያሉት ሽማግሌ ደግሞ "ያለ ቅድመ ሁኔታ ስንል ለሙታን ድግስ ማለታችን አልነበረም" አሉ። እጅ ተቆጠረ። እርዳታው ቆመ። በዚያው ስብሰባ አባዬ ሽማግሌ ሆነ።

ወደ ቤት ስንሄድ በረዶው ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። "ቃልህን ሰጥተኸኝ ነበር" አልኩት። "ስታድጊ ይገባሻል" አለኝ። ይኸው አድጌያለሁ፣ ፀጉሬም ሸብቷል፣ አልገባኝም። አሁን እሱ ጉልበቱን ያመዋል፣ መድኃኒቱን አመጣለታለሁ፣ ወጥም አቀርብለታለሁ። ከዚህ አላጎድልበትም። አጠገቡ መቀመጥ ግን እምቢ ይለኛል።

ጉዱ አላለቀም። "የእጅ ጽሕፈትሽን ስለሚያውቁት፣ እርዳታው መቆሙን አንቺ ጻፊላቸው" አሉኝ። ሽማግሌው ቤታችን መጥተው ምግብ ጠረጴዛው ላይ ቃል በቃል አጻፉኝ። "እርዳታው ለተሰጠበት ዓላማ ባለመዋሉ" ይላል። የትኛው ዓላማ? ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። አንድ ትንሽ ወረቀት ደብቄ ልከትላት አስቤም ነበር፤ ግን ምን ልበላት? አባቴ ሰረቀኝ ልበላት? አፈርኩ፣ ተውኩት። ከእኛ ሰዎች ምስጢሩን ከእኔ በቀር ለማንም እንዳልነገረች እሷ ታውቃለች።

መልስ ሲመጣ ሰኔ ነበር። ፖስታው የመጣው በጉባኤው ስም ነው፣ እሁድ እንደተለመደው ቆሜ አነበብኩት። አባቷ ናቸው የሚናገሩት። እስከ ዛሬ ስላደረግንላቸው አመስግነዋል። በሬዎቹ ደህና ናቸው፣ ጣራው አያፈስም። ልጃቸው ትምህርቷን ትታ ከከተማ ተመልሳለች፣ ቤት ውስጥ እያገዘቻቸው ነው። በመጨረሻ "በአባቴ ተዝካር ቀን የናንተን ስም ጠርተን ሕዝቡ እንዲመርቃችሁ አድርገናል፣ ምርቃቱን አናነሣውም" ይላሉ። ከፊት ወንበር አባዬ "አሜን" አለ።

ቤት ገብቼ ፖስታውን ገልብጬ አራገፍኩት። "ላንቺ ብቻ" የሚል የለም። በጎን በጎኑ ቀድጄ ዘረጋሁት፣ ውስጡ ባዶ ነው። ከዚያ ደብዳቤውን እንደገና ሳየው ነው ልብ ያልኩት፤ ጽሕፈቱ የእሷ አይደለም። ከሥሩ "ይህን የጻፍኩላቸው የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ" ይላል። በዚያ ቤት ሰባተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ቁጭ ብላ፣ አባቷ የሚጽፍላቸው ሰው ፍለጋ ወጥተዋል። በነጋዴው በኩል ሦስት ጊዜ ጻፍኩላት። ብትሰድበኝም ደስ ባለኝ፣ ግን አንድም ቃል አልጻፈችልኝም።