አንዱ የግድ ዝቅ ማለት አለበት

ፈለቀ ኖርዌይ፣ ሄልስፊር የሚባል ሰፈር ያለውን ባለመስታወት የቢሮ ሕንፃ የሚያጸዱ ሠራተኞች አለቃ ነበር። አለቃ ይባል እንጂ እሱም መወልወያውን ይዞ ነው የሚውለው። ከሱ በላይ ያለችው የጽዳት ድርጅቱ የሰው ኃይል ኃላፊ ክሪስቲን ናት። ቁጣ የማታውቅ፣ ስትናገር ፈገግ የምትል ሴት ነች፤ ፈለቀ ግን ያቺን ፈገግታ ይፈራታል።

በረዶው ገና ሳይቀልጥ አንድ ቀን ቢሮዋ ጠራችው።

«ሰው የድርጅታችን ትልቁ ሀብት ነው» አለችው። «ሀብት ደግሞ ካልተለካ ዋጋው አይታወቅም። ሰዎችህን አንተ ትለካልኛለህ።»

ፍጥነታቸውን፣ ጉልበታቸውን፣ ወደፊት ለድርጅቱ የሚሰጡትን ጥቅም መዝኖ ለእያንዳንዳቸው አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ እንዲሰጥ ነው። ፈለቀ ሁሉንም አረንጓዴ አድርጎ ላከላት። በማግስቱ መልሳ ጠራችው።

«ሁሉም እኩል ከሆኑ አንተ መለካት አትችልም ማለት ነው። አንዱ የግድ ዝቅ ማለት አለበት።»

«ቀይ የሆነው ሰው ምን ይሆናል?»

«ሌላ ቦታ እናይለታለን» አለችና ፈገግ አለች።

መለካት አትችልም ያለችው ነገር ከጆሮው አልወጣ አለ። መለካት የማይችል አለቃ ለድርጅቱ ምን ይጠቅማል? ሃውገሩድ ሰፈር ያለው ቤቱ ገብቶም ምግብ አልወርድ አለው። ሚስቱ ተናኘ «ምን ሆነህ ነው?» ብትለው «ደክሞኝ ነው» አላት። በሐሳቡ ሰዎቹን አንድ በአንድ አነሳ፣ ጣለ። ይሄኛው ቤቱ አራስ አለችው፤ ያቺኛዋ ባለፈው ዓመት ነው ቤት የገዛችው። በመጨረሻ እጁ እትዬ አፀደ ላይ አረፈ። ስድሳን አልፈዋል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ጡረታቸው ቀርቧል። ከስደተኞች ካምፕ ወጥቶ ሰው ባጣ ጊዜ እጁን ይዘው እዚያው ሕንፃ ሥራ ያስገቡት ግን እሳቸው ነበሩ። እያወቀ ቀይ አደረጋቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ አፀደ እጅጌውን ጎተት አደረጉት።

«ፈለቀ ልጄ፣ ክሪስቲን ሞተ አለሽ ብላኛለች» አሉት። ኖርዌዮቹ ስብሰባን «መተ» ነው የሚሉት፤ እሳቸው አፋቸው አልያዘላቸውም። «ቋንቋው ይከብደኛል። አብረኸኝ ግባና አስተርጉምልኝ። ካንተ ሌላ ማን አለኝ?»

እምቢ ማለት አልቻለም፤ ምክንያቱን ይጠይቁታላ።

ቀኑ ደረሰ። ክሪስቲን ለሁለቱም ውሃ ቀዳችላቸው። ፈለቀን አይታ ትንሽ ግር አላት፤ ከዚያ መናገር ጀመረች።

«ፍጥነትሽ ቀንሷል ትላለች» አለ ፈለቀ። ክሪስቲን አንቱ የሚባል ነገር በሌለው ኖርዌይኛ ስታወራ እሱም ሳያውቀው አንቺ ብሎ ነበር። ደንግጦ አረመው። «ፍጥነትዎ ቀንሷል። ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ የጎደለ ይሙሉ ነው የምትለው።»

«በዚህ ጉልበቴ በየባቡሩ ልሯሯጥ? ማነው ቀንሷል ያለው?»

ጥያቄውን ለክሪስቲን አስተረጎመ። እሷም ዓይኑን እያየች «የቅርብ አለቃዋ» አለች።

ፈለቀ «ሌላ ሰው ነው» ብሎ ቢዋሽ ክሪስቲን አማርኛ አትሰማም። እትዬ አፀደ ይጠብቃሉ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ። «አንዱን ዝቅ አድርግ አሉኝ። ፈራሁና እርስዎን አደረግሁ።»

እትዬ አፀደ ጓንታቸውን ከቦርሳ አወጡ፣ መልሰው ከተቱ።

«በል ጠይቅልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ከሠራተኛ ማኅበሩ ሰው ይዤ ልምጣ?»

ጠየቀ። ከዚያ ግን ማንም ሳይጠይቀው በራሱ ፈቃድ በኖርዌይኛ ቀጠለ። «የሰጠሁት ልክ አይደለም። ሥራቸው ከማንኛችንም አያንስም። ስለፈራሁ ነው የጻፍኩት።»

ክሪስቲን ፈገግታዋ አልጠፋም። «ስላንተ ደግሞ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን» አለችው።

የማኅበሩ ተወካይ መጣች፤ ተከራከረች፤ እትዬ አፀደ ሄልስፊር ቀሩ። ለፈለቀ ሰላምታ ይሰጡታል፤ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አንስተውበት አያውቁም። እሱም ይቅርታ ለመጠየቅ ስንቴ አፉን ከፍቶ ስንቴ ዘጋው።

ክሪስቲን ግን እስካሁን አልጠራችውም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እሷ ትመስለዋለች። ባለፈው ሳምንት ሊፍት ውስጥ ሳለ የማያውቀው ቁጥር ደወለለት፤ አነሳው። ባርነሃገው፣ የልጁ መዋዕለ ሕፃናት ነበር፤ ልጁ ቦቲውን ረስቶ ስለመጣ በእረፍት ጊዜ ውጭ መውጣት አልቻለም አሉት።

«እሺ፣ አመጣለሁ» አለ ፈለቀ። ሊፍቱ ተከፍቶ ሰው ገባ፤ እሱ ግን ቀጣዩ የክሪስቲን ይሆናል ብሎ ስልኩን እያየ፣ መውረዱን ረስቶ እንደቆመ ቀረ።