ከነጆ ስድስት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ነቀምቴ ገበያ ዳር ከባጃጅ ወርጄ ዘንቢሌን ሳነሳ ቅቤ የጠጣ ጠፍር ሸተተኝ። ዘወር ብል አንድ ሽማግሌ ጆንያ አንጥፎ ኮርቻና ልጓም ይሸጣል። የምጭነው በቅሎ ሳይኖረኝ ቆሜ አንዱን ጠፍር እያሻሸሁ ዋጋ ጠየቅሁት፤ ይህች አሮጊት ኮርቻ ምን ያደርግላታል ብሎ ሳይገርመው አልቀረም። ሽታው ግን የአባቴ ነበር። እጁም፣ ጋቢውም፣ ከመንገድ ይዞልኝ የሚመጣው ሸንኮራ ሳይቀር እንደዚያ ይሸት ነበር።

አባቴ በንጉሡ ዘመን፣ መኪና ክረምት ሲገባ ከነቀምቴ ወዲያ ጭቃው አላሳልፍ እያለው በሚቆምበት ጊዜ፣ ቡናና ጨው በበቅሎ እየጫነ በአርጆ፣ በጊምቢና በነጆ የሚመላለስ ነጋዴ ነበር። ኪሎ ሜትር የሚባል ነገር አያውቅም። የአንድ አገር ስም ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጉያ ሜቃ?» ብሎ ነው፣ ስንት ቀን ነው ማለቱ። ዲጋ ለእሱ ከቁርስ እስከ ምሳ ነው፤ ጊምቢ አራት ቀን፣ ነጆ ስድስት ቀን። እናቴ ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተች ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ጫልቱ ነበረች፤ ጸጉሬን የምትሠራኝ፣ ስታመም በጀርባዋ አዝላኝ የምትዞር፣ ስትቆጣ እንኳ ሳቋ የሚያመልጣት። እሷ ነጆ ተዳረች። ስድስት ቀን ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ እኔ አልቅሼ ሲወጣልኝ እሷ ገና ጊምቢ አልደረሰችም ነበር።

ከመንገድ የመጣ ሰው ቤታችን ሲገባ አባቴ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ «ዮም ካቴ?» ይለዋል፤ መቼ ተነሳህ? የሰው ጤና፣ የቡና ዋጋ፣ የዝናቡ ነገር ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ስድስት ቀን የተጓዘ ሰው የሚያወራው የስድስት ቀን ወሬ ነው፣ ዛሬ እዚያ ምን እንዳለ እሱም እንደኛው አያውቅም ይል ነበር።

ጫልቱ በተዳረች በሁለተኛው ዓመት፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከሸዋ የመጣ አንድ ቀጭን መምህር ጣታችንን ፊታችን አቁመን አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ዓይናችን ብቻ እንድናየው አዘዘን። ጣታችን ከቦታው ሳይነቃነቅ የዘለለ መሰለን። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ስዞር፣ ጫልቱ ከተዳረች ወዲህ እኛ ጋ የምትኖረው አክስቴ ልጅቱን ዓይኗን አሟታል ብላ ጠበል ልትወስደኝ ተነስታ ነበር። ኮከብም የሚለካው እንደዚሁ ነው አለን መምህሩ፤ ምድር ፀሐይን ስለምትዞር ዛሬ ያዩትን ኮከብ ከስድስት ወር በኋላ ከወዲያኛው ዳር ሆነው ያዩታል፣ ትንሽ ፈቀቅ ያለ ከመሰለ ከዚያች ፈቀቅታ ርቀቱን ያሰሉታል፤ በአንድ ዓይን ብቻ ግን ቅርቡና ሩቁ አይለይም። ቁጥሩ በኪሎ ሜትር ቢጻፍ ሰሌዳው ስለማይበቃው፣ ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደውን መንገድ መለኪያ አደረጉት። ዓመት እንዴት ርቀት ይሆናል ብሎ ክፍሉ ሲንጫጫ እኔን ብቻ አልገረመኝም፤ የአባቴ ልጅ ነኛ።

ለአባቴም ነገርኩት። ጠፍሩን ቅቤ እየቀባ ነበር። ከፀሐይ ሌላ ቅርብ የሚባለው ኮከብ ለብርሃን ከአራት ዓመት በላይ ነው ስለው እጁ ቆመ።

«የት የት ያድራል?» አለኝ።

«አያድርም አባ፣ ሌት ተቀን ነው የሚሄደው።»

«ጭነት የለበትማ» አለና ጥቂት አሰበ። «እንግዲያው የምናየው ሲነሳ የነበረውን ነው። ዛሬ ኮከቡ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል?»

መምህሬ ይህችን ለማስረዳት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ፈጅቶባታል።

በዚያው ክረምት፣ አባቴ አርጆ ሄዶ፣ አክስቴ ገበያ ወርዳ እኔ ብቻዬን ሳለሁ፣ አንድ መንገደኛ ደጃችን ቆመ። ከነጆ እንደሆነ፣ ጫልቱን እንዳመማትና አባቴ ይምጣልኝ እንዳለች ነገረኝ።

«በጣም ነው ያመማት?» አልኩት።

«ስለያት ቁጭ ብላ ነበር። አይዞሽ ኢንተላ ኮ፣ አይዞሽ ልጄ።»

ውሃ ሰጠሁት። ጣሳውን የያዘበት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ዓይኑም ቢጫ ሆኗል፤ የመንገድ ድካም መስሎኝ አለፍኩት። ጠጥቶ አመስግኖኝ ሄደ። በአባቴ ቤት አድጌ፣ መቼ ተነሳህ አላልኩትም።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ አባቴ ገባ። መልእክቱን ስነግረው ወዲያው «መቼ ተነሳሁ አለ?» አለኝ። አልጠየቅሁትም ማለት አሳፈረኝና «ስድስት ቀኑ ነው» አልኩት። መንገዱ ስድስት ቀን አይደል? አሰላሁ እንጂ የዋሸሁ አልመሰለኝም። አባቴ በጣቱ ቆጠረ። ወሬው የስድስት ቀን ከሆነ፣ እሷም ቁጭ ካለች ክፉ አይደለም አለ። የበቅሎዋ ጀርባ ተልጦ ስለነበር ሁለት ቀን አሳርፏት በሦስተኛው ተነሳ።

የደረሰው ጫልቱ በተቀበረች ማግስት ነው። አልጋዬን ወደ በሩ አዙሩልኝ ብላ ስትጠብቀው ሰንብታለች። ሲመለስ ያንን መንገደኛ ዲጋ አገኘውና ነገሩ ሁሉ ወጣ። ሰውየው መንገድ ላይ፣ ዴዴሳ ቆላ፣ ወባ ጥሎት አሥራ አንድ ቀን ተኝቶ ነበር ወደኛ የመጣው። እኔ ስድስት ቀኑ ነው ያልኩት ወሬ አሥራ ሰባት ቀኑ ነበር። አባቴ ይህን ለአክስቴ ሲነግራት ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ለእኔ ግን ምንም አላለኝም። ዛሬ ይቆጣኛል፣ ነገ ይቆጣኛል እያልኩ ክረምቱን ጨረስኩ፤ ቢመታኝ እንዴት በወደድኩ። እንግዳ ሲመጣ ግን ጤናውን ይጠይቃል፣ ዝናቡን ይጠይቃል፣ «ዮም ካቴ?» የምትለዋን እኔ እያለሁ ዳግመኛ ከአፉ አላወጣትም። ለእኔ አዝኖ መተዉን አውቅ ነበር፣ እሱም ማወቄን ያውቅ ነበር።

በዓመቱ፣ ግንቦት ላይ፣ ደጅ ተቀምጠን ሳለ ያ ኮከብሽ የትኛው ነው አለኝ። ወደ አርጆ በኩል ዝቅ ብሎ የሚታየውን አሳየሁት። ብዙ ጊዜ አየው፤ ከዚያ በጣቱ ቆጠረ።

«አራት ዓመት» አለ። «ያ ብርሃን ሲነሳ ጫልቱ እዚህ ነበረች። ጸጉርሽን ትሠራሽ ነበር።»

ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሽማግሌው የጠየቀኝን ሰጥቼ ጠፍሩን ገዛሁት። ከጎናችን የነጆ አውቶቡስ ቆሞ ተሳፋሪ ያወርድ ነበር። አንዷን ወጣት መቼ ተነሳችሁ አልኳት። «ዛሬ ጠዋት፣ እማማ» አለችኝና ሳቀች። ነጆ ዛሬ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በእኔና በጫልቱ መካከል ያለው ግን ያ በቅሎዋ ያረፈችበት ሁለት ቀን ነው፤ ይኸው ስልሳ ዓመት ሄጄ አልጨረስኩትም።