የአባቴ ማደሪያ ቤት የእግር ውሃ

አባቴ ከእንጦጦ ወደ ሾላ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር የመንገደኛ ማደሪያ ቤት ነበረው። ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ የጭቃ ቤት ነው። ገብስና የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭነው የሚወርዱ ባለአህዮች፣ ራጉኤልን ሊሳለሙ የሚወጡ ሰዎች፣ ጠበል ፈላጊ በሽተኞች፣ ሁሉም መደቡ ላይ ቁርበት አንጥፈው ጎን ለጎን ይተኛሉ። ቅማሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር አይቸገርም ነበር። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የለመድኩት ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው አሮጌ ጋዜጣ ነው። ትኋኑ ከወረቀቱ ስር እየወጣ ፊደሉ ላይ ሲሄድ በጣቴ እየጨፈለቅሁ አነብ ነበር። ሽታው እስከ ዛሬ ጣቴ ላይ ያለ ይመስለኛል። ያንን ቤት ናፍቄው አላውቅም።

ቤቱ ከእጃችን ከወጣ ቆይቷል። አሁን የያዙት ሰዎች አድሰው፣ ቆርቆሮውን በሣር ሸፍነው፣ ባህላዊ ሎጅ ብለውታል። ሴት ልጄ እዚያው ተቀጠረች። ሥራዋ እንግዳ መጋበዝና ስለ ቤቱ መጻፍ ነው። የሙከራ ጊዜዋ ሳያልቅ አንድ ቅዳሜ፣ «አባዬ፣ የቤቱ ልጅ ስለሆንክ ለእንግዶቹ ትንሽ ትናገራለህ። ለአለቃዬ ቃል ገብቻለሁ፣ እንዳታሳፍረኝ» ብላ ይዛኝ ወጣች።

በሩ ላይ አንዲት ወጣት ተንበርክካ የእንግዶች እግር ታጥባለች። ሳፋው መዳብ ነው፣ በላዩ የጽጌረዳ አበባ ተንሳፍፏል። የቢሮ ሠራተኛ የሚመስሉ ወጣቶች ተሰልፈው በስልክ ይቀርጿታል።

«ካልሲህን ቀስ ብለህ አውልቅ እንጂ፣ የሰው ልጅ ናት፣ እናት አላት!» ይላል አንዱ ጓደኛውን ሊያበሽቅ።

«ዝም በል አንተ! ነጻ ፔዲኪዩር የት ይገኛል?» ይላል ያኛው፣ ጣቶቹን ውሃው ውስጥ እያፍተለተለ።

ልጅቷ አብራ ትስቃለች፣ መሳቅም ሥራዋ ነውና። ለእኔ ግን እግር ማጠብ የሚገባው ለደከመ ሰው ነው። እነዚህ በመኪና የመጡ ናቸው።

ከበሩ አጠገብ ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል። «በዚህ ጥንታዊ ማደሪያ የመንገደኛ ሁሉ እግር በንጹሕ የሞቀ ውሃ ይታጠብ ነበር» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«ይህን ቅጥፈት ማነው የጻፈው?»

«ቀስ በል አባዬ፣ ፕሊስ። እኔ ነኝ።»

«ማን ነገረሽ?»

«እንዴ! አንተ ነሃ! እግራችንን ሳንታጠብ አልጋ ላይ በወጣን ቁጥር፣ በአያታችሁ ቤት አህያ ነጂ እንኳ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ነበር የሚተኛው ስትለን አይደል ያደግነው?»

እውነቷን ነው፣ ብያለሁ። ዋሻችሁ ብዬ የገረፍኳቸውን ልጆች ያሳደግኳቸው በውሸት ነበር።

ወደ ጥግ ወስጄ ነገርኳት። እግር አጣቢው እኔ ነበርኩ፣ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖኝ። ውሃ ከታች ከምንጩ በአህያ ስለሚመጣ፣ አባቴ ለዕለቱ እንግዳ ሁሉ አንድ ሳፋ ብቻ ነበር የሚፈቅደው። አሥረኛው ሰው ጋ ሲደርስ ፋንድያ የሚንሳፈፍበት ጥቁር ጭቃ ይሆናል። አንድ ጊዜ በራጉኤል በዓል ዋዜማ፣ ከሁሉ መጨረሻ አንዲት ሴትዮ መጣች። ተረከዟ ተሰንጥቆ መግል ይዟል። ጀምበር አልጠለቀችም፣ ወርጄ ንጹሕ ውሃ ማምጣት እችል ነበር። ሰነፍኩ። በዚያው ውሃ አጠብኳት። እሷም ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ሳመችኝና፣ «ዝቅ ብለህ እንዳገለገልከኝ እመብርሃን ከፍ ታድርግህ» አለችኝ። በማግስቱ እግሯ አብጦ፣ በሁለት ሰው ተደግፋ ነው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የወጣችው።

የልጄ ፊት ጠቆረ። «ለዛሬ ብቻ ዝም በል» አለችኝ። «ሰሌዳውን ነገ ራሴ አስተካክለዋለሁ።»

ሳልመልስላት አለቃዋ፣ «የቤቱ ልጅ ይታጠቡልን!» እያለ ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ። ሰዉ አጨበጨበ። ወጣቷ ጫማዬን ልትፈታ ስትጎነበስ፣ «ልጄ፣ ውሃው መቼ ነው የሚቀየረው?» ብዬ በቀስታ ጠየቅኳት።

«የሚቀየረው አበባው ነው ጋሼ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው።»

አበባውን በእጄ ገለል አደረግሁት። ከስሩ ያለው ውሃ ግራጫ ነው፣ የካልሲ ብናኝና ፀጉር ይዋኝበታል። ተነሥቼ ሳፋውን ሣሩ ላይ ደፋሁት።

«እንድናገር ተጠርቼ ነው የመጣሁት» አልኩ። «ሁላችሁም የታጠባችሁት በአንድ ውሃ ነው። እኔም እዚሁ ቤት እንዲሁ አደርግ ነበር። ሰሌዳው ላይ ያለውን ውሸት ለልጄ የነገርኳት እኔ ነኝ።»

ያ ፔዲኪዩር ያለው ልጅ እግሩን በራሱ ካልሲ ይጠርግ ጀመር። አለቃዋ ያየው እኔን አልነበረም፣ ልጄን ነው።

ወደ ኮተቤ ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። ስለ ሥራዋ እስክትወቅሰኝ ጠበቅሁ። ወቀሳው ይገባኝ ነበር። ልንወርድ ስንል ዞር አለች።

«ሴትዮዋስ?» አለችኝ። «ዳነች?»

«አላውቅም» አልኳት። «አልጠየቅሁም።»