በሰው ቤት ሰው ማስገባት

ከመርሳ የወጣነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያው ሲያጓራ ውሎ ማምሻውን ዝም አለ፤ ዝም ሲል ነው የባሰ የፈራነው። እናቴ "ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም" አለች። ታናሽ ወንድሜ ሰይፉ "እኔ አለሁላት፣ አንቺ ሂጂ" ብሎ ገፋ አደረገኝ። እኔና ባሌ ጌታነህ ትንሽ ጆንያ በሶና ሁለት ጋቢ ይዘን በውርጌሳ መንገድ ከሚተመው ሕዝብ ጋር ተቀላቀልን።

ስለ ጌታነህ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ወንጌል ሲነበብ ለእሱ ብቻ የተነገረ ይመስለዋል። ሁለት ልብስ ያለው አንዱን ይስጥ ሲባል ከሰማ፣ ቤት መጥቶ ሳጥን ይከፍታል። ይህ ጠባይ ለጎረቤት ደስ ይላል፤ ለሚስት ግን መከራ ነው። ውጫሌ ሳንደርስ በሶው ተጋመሰ። ሐይቅ ስንገባ አንደኛው ጋቢ የማናውቀው ሽማግሌ ትከሻ ላይ ነበር። "እኛስ?" ስለው "እግዜር ያውቃል" ይለኛል። እግዜር ማወቁን እኔም አውቃለሁ፤ የሚበርደው ግን እኔን ነው።

ደሴ ላይ አረፍን ሳንል እሷም አስፈራች፤ በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ገባን። ወገኖቼ፣ ብርዱን አልነግራችሁም። የዚህ አገር ፀሐይ ታበራለች እንጂ አታሞቅም። አንድ ቀን ገበያ ላይ ፓፓያ አይቼ ብዳስሳት እንደ ድንጋይ ጠጥራለች። መርሳ ጓሯችን ወፍ በልቶ የሚተወው ይሻላል።

እትዬ በላይነሽ የሚባሉ ሴት አንዲት ጠባብ ክፍል አከራዩን። ኪዳን የማይቀሩ፣ ጾም የማይገድፉ ሴት ናቸው። እንዳገሬ "አንቱ" ስላቸው "ምነው፣ ይህን ያህል አረጀሁ?" ብለው ተቀየሙኝ። እኛ ዘንድ ክብር የሆነው እዚህ ስድብ ሆነ።

በዚያች ክፍል ገና ሳንላመድ ጌታነህ ከቀን ሥራው ሲመለስ አንዲት ሴት አስከትሎ ገባ። ለታይ ትባላለች። ትውልዷ ትግራይ፣ ትዳሯ ወልድያ ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ትሸጥ ነበር። ሲሸሹ ከባሏ ጋር መንገድ ላይ ተጠፋፉ። ተፈናቃይ በተጠለለበት ትምህርት ቤት፣ አነጋገሯን የሰሙ ሰዎች ምንጣፋቸውን ከአጠገቧ አንስተው ሄደዋል።

ባሌን ወደ ውጭ ጠራሁት። "የት ልታስተኛት ነው?"

"አንቺ ጋ። እኔ በሩ ሥር እተኛለሁ።"

"እንግዳ ተቀበሉ የተባለው ቤት ላለው ነው፣ ጌታነህ። እዚህ እንግዶቹ እኛ ነን።"

"እንግዲያው የእንግዳን ችግር ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?" አለኝና ገባ።

ለታይም መልአክ አልነበረችም። እኔ ያጠብኩትን ብርጭቆ መልሳ ታጥባለች። ሽሮዬን ቀምሳ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ ከስድብ ይብሳል። የመርሳ ስልክ ተቋርጦ ስለ እናቴም ስለ ሰይፉም የምሰማው ነገር አልነበረም፤ ወንድሜን ባሰብኩ ቁጥር የእሷን ፊት ማየት ያስጠላኛል። እሷ ምንም አላደረገችኝም። እንዲያም ሆኖ ማታ ማታ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን፣ እሷ ለባሏ እኔ ለወንድሜ እንጸልያለን።

እትዬ በላይነሽ ሲሰሙ መጡ። ጌታነህ እንደ ልማዱ ሥራ ላይ ነው፤ ጽድቁን እሱ ይሠራል፣ መልሱን እኔ እሰጣለሁ።

"እኔ ያከራየሁት ለሁለት ሰው ነው" አሉ።

"ሦስተኛዋ ቀጭን ናት፣ እትዬ።"

"አትቀልጂብኝ። ሰፈሩ ምን ይለኛል? እኔም ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ግቢዬ ቤተ ክርስቲያን አይደለም።"

"እሱንስ አይተናል።"

ፊታቸው ቀላ። "ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ ሁላችሁም ውጡ።"

ትውጣ ልል ነበር። ስትመጣም አልፈለግኳትም። ዞር ስል ለታይ ነጠላዋን አጣጥፋ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ማንም ሳያዛት በሩ ላይ ቆማለች። "እንግዲያው ሁላችንም እንወጣለን" አልኩ። ቃሉ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጌታነህ ማታ ሲመጣ ዕቃችንን አጥር ሥር አገኘው፤ ፈገግ ሲል በጆንያው ልመታው ምንም አልቀረኝም።

በርና መስኮት የሌለው ጅምር ቤት እየጠበቅን እንድንኖርበት አንድ ሰው ፈቀደልን። በእሑዱ እትዬ በላይነሽ ፍራሽ አሸክመው መጡ። "ለእሷ አይደለም፤ ቤቴ አይጥ እንዳይበላው ነው" አሉ። ለታይ ወንበር የሚሆን ድንጋይ ጠርጋ አስቀመጠቻቸው፤ ሻይ አፈላችላቸው። ሁለት ብርጭቆ ጠጡ።

መንገዱ ሲከፈት የለታይ ባል ሐራ ከተማ ዘመዶቹ ዘንድ መትረፉ ተሰማ። ስንለያይ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ "ሽሮሽ ላይ ጨው ቀንሺ፣ እኅቴ" አለችኝ።

እኛ እዚሁ ቀረን። መርሳ ያለው የእኔና የጌታነህ ቤት ጣሪያ የለውም፤ ጌታነህም ግንበኝነት ለምዷል። ኔትወርክ ሲመለስ እናቴን አገኘኋት። ሰይፉ እህል ፍለጋ ወደ ግራና ከተማ እንደወጣ አልተመለሰም። በደወልኩ ቁጥር እጠይቃለሁ፣ በጠየቅኩ ቁጥር ወሬ ትለውጥብኛለች።

ባለፈው ስደውል ከኋላዋ የሕፃናት ድምፅ ሰማሁ።

"እነማን ናቸው?"

"ከቆቦ የሸሸች ሴት ናት፣ ከነልጆቿ። አንቺ ያደግሽበት ክፍል አስገባኋቸው።"

"ለፋሲካ ብመጣ እኔ የት ልተኛ ነው?"

"ምን ላድርግ ልጄ፣ ሰው ናቸው" አለች። ደግሞ "ተቆጣሽ?" ስትል ጠየቀችኝ።

"አልተቆጣሁም" አልኳት። ተቆጥቼ ነበር። ክፍሌ ከነጠረኗ ታየችኝ። "እማዬ፣ በሩ ከታች ከፍ አድርገው ካልገፉት አይዘጋም። ዝናብ ይገባባቸዋል፣ አሳዪያቸው።"