ያልተጸለየበት ሙዝ

ይታወቅ! ለአርባ ምንጭ ሴቻ ኮረብታ ነዋሪዎች፣ ለሲቀላ ነጋዴዎች፣ በአባያ ዳር ለተሰማራው ሰፊ የዓሣ አስጋሪ ሕዝብ፣ እንዲሁም ለአዞዎቹ፦ ከመስከረም ሃያ ቀን 1989 ዓመተ ምህረት ጀምሮ አቶ ሕዝቅኤል ኤርጫፎ ምሳ መብላት ማቆማቸው በይፋ ተረጋግጧል። ውሳኔው የማይቀለበስ ነው። ሕዝቡም ይህን ታሪካዊ እርምጃ ነቅቶ እንዲከታተል ጥሪ ተላልፏል።

አዋጁን ያወጁት ራሳቸው ናቸው። የሰማቻቸው ሚስታቸው ብቻ ነበረች፤ እሷም ሽንኩርት እየከተፈች ስለነበር «ምን አልክ?» አለች።

አንቱታው ለአዋጁ ክብር ነው፤ ከዚህ በኋላ «አንተ» ይበቃዋል። ሕዝቅኤል የዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር ሚዛን ያዥ ነው። በዓለም ላይ ካሉት ሥልጣኖች ሁሉ ይህን ያህል ትንሽ ሥልጣን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ጠዋት በማኅበሩ የሞተር ጀልባ ተሳፍሮ በሐይቁ ዳር ወዳሉት ሁለት መረከቢያዎች ይሄዳል፤ ዓሣውን መዝኖ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ይመለሳል። በቃ። ነገር ግን ጀልባዋ ስትጠጋ ዳር ላይ የቆሙት ሰዎች «ሚዛን መጣ! ሚዛን መጣ!» ይላሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እንዲህ የተባለለት ሰው ደመወዙ ቢቀር ይቀር ይሆናል እንጂ ይህ እንዲቀርበት አይፈልግም። ሚኒስትሮችም ወንበራቸው ላይ የሚቆዩት ከዚህ በተሻለ ምክንያት አይመስልም።

ችግሩ የመጣው ከሆዱ ነው። ሕዝቅኤል መቶ አራት ኪሎ ነበር። ሁልጊዜ የሚቀመጠው በጀልባዋ ግራ ጠርዝ ነው፤ ጀልባዋም የግራ ክንፍ ደጋፊ ሆና ከቆየች ሰንብታለች። በመስከረም አጋማሽ ከሁለተኛው መረከቢያ ሲመለሱ የወደቀ እርሳስ ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ያ የአባያ ቀይ ውሃ ዘው ብሎ ገባ። ሰው አልተጎዳም። ሦስት ቅርጫት ቆሮሶ ዓሣ ግን፣ ከሞተ በኋላም ቢሆን፣ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ማቴዎስ ወዲያው ስብሰባ ጠሩ። አቶ ማቴዎስ ጥርስ ቢያማቸውም ስብሰባ የሚጠሩ ሰው ናቸው። ውሳኔው ተነበበ፦ ሕዝቅኤል እስከ ታኅሣሥ ሠላሳ ድረስ ክብደቱን ወደ ዘጠና ኪሎ ካላወረደ ከጀልባው ወርዶ ሲቀላ የሚገኘው የማኅበሩ በረዶ ቤት ጠባቂ ይሆናል። የበረዶ ቤት ጠባቂነት ማለት አንድ ቁልፍና አንድ በርጩማ ማለት ነው። በርጩማ ላይ የተቀመጠን ሰው ማንም በጩኸት አይቀበለውም።

የምሳው አዋጅ የወጣው እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው።

ሕዝቅኤል፣ ሚስቱ ጌጤ፣ የአሥር ዓመቷ አቢጋኤልና የሰባት ዓመቱ ካሌብ ሴቻ ባለው ቤታቸው ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት። ከመብላታቸው በፊት ሕዝቅኤል ቆሞ ይጸልያል። የወንጌል አማኞች ናቸውና ያልተጸለየበት ነገር በዚያ ቤት ምግብ አይባልም። በአዋጁ ማግስት ማታ ግን ሕዝቅኤል ለብቻው ሳህን አስቀረበ። ሳህኑ ላይ ሦስት ቅጠል ጎመንና የልጅ መዳፍ የምታህል ቆጮ ነበረች።

«ይሄ ምንድነው?» አለች ጌጤ።

«የኔ ድርሻ።»

«ከኛ ጋር አትበላም?»

«ትግል ላይ ነኝ።»

«ከማን ጋር? ከኔ ወጥ ጋር?»

«ከሆዴ ጋር።»

«እሱንማ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ሳታማክረኝ ነው እንዴ የምትጣላው?»

ቤቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ጌጤ ለጎረቤት «ባሌ እጄን ጠላው» ብላ አስወራች። አቢጋኤል ብቻውን የሚበላ አባት አንጀቷን ስለበላት ከጎኑ እየሄደች ትቀመጣለች። ካሌብ ግን ከየትኛውም ጎራ አልወገነም፤ በፀጥታ የአባቱን ድርሻ ከትሪው ላይ መጥረጉን ቀጠለ። በእነዚያ ሳምንታት በዚያ ቤት የወፈረ ሰው ቢኖር ካሌብ ነው ብሎ የሚገምት ይኖራል።

ተሳስቷል። በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሕዝቅኤል በረዶ ቤቱ ያለው ባስኩል፣ ትልቁ የመሬት ሚዛን፣ ላይ ወጣ። መቶ ስድስት።

ቤቱ የገባው ፊቱ አመድ መስሎ ነው።

«ጌጤዬ፣ እኔ ታምሜአለሁ።»

«ምን ሆንክ ደግሞ?»

«ቀኑን ሙሉ እህል በአፌ አይዞርም። ማታ ያቺኑ ጎመን ነው። ሁለት ኪሎ ጨመርኩ! ይሄ የጤና አይደለም፤ ውስጤ የሆነ ነገር አለ።»

ጌጤ ኩርፊያዋን እዚያው ጣለች። እሑድ በቤተ ክርስቲያን በምእመናኑ ፊት ስሙ ተጠርቶ ተጸለየለት። አንዲት እናት ቀርበው «ልጄ፣ በጾም ትጋ» ብለው ሲመክሩት ዕንባው መጣ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ጌጤ «የታመመ ሰው ባዶ ሆዱን አይውልም» ብላ ኩርኩፋ ቋጠረችለት፤ የበቆሎ ዱቄት ከሽፈራው ቅጠል ጋር ተድቦልቡሎ የሚቀቀለውን። ሴቻን ቁልቁል ወርዳ፣ ሲቀላን አቋርጣ፣ በእርሻው መሐል ባለው የእግር መንገድ ወደ ሐይቁ ዘለቀች። ጀልባዋ ተመልሳ ቆማለች። በሽተኛው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ከፊቱ ጭንቅላቱና አከርካሪው ብቻ የቀረ ጥብስ ቆሮሶ፤ ከጎኑ ሌላ ጭንቅላትና ሌላ አከርካሪ፤ ዳጣ፣ ያ የሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ ያለበት ጣሳ፤ በስተግራ የሙዝ ልጣጭ ክምር። በእጁ ማንጎ ይዟል።

«ያቢጋኤል አባት!»

«ጌጤዬ! በሰላም ነው?»

«ምን እየበላህ ነው?»

«እኔ? ምንም።»

«ይሄስ?»

«ይሄማ ዓሣ ነው።»

«ዓሣ ምግብ አይደለም?»

ሕዝቅኤል ከልቡ ግራ ገባው። «ዓሣ እኮ... ሥራ ላይ የሚቀመስ ነገር ነው። እንጀራ የለው፣ ቆጮ የለው።»

«ሙዙስ?»

«አፍ ለማጣፈጥ ያህል።»

«ስንት ነው የበላኸው?»

«ሙዝ ደግሞ ማን ይቆጥራል?»

የጀልባው ነጂ ዲሪባ አጠገባቸው መረብ ይጠግን ነበር። ከሐይቁ ማዶ የመጣ፣ ቀጭንና ረጅም የጉጂ ሰው ነው። ሳይጠየቅ መሰከረ። «እህቴ፣ እኔ ቆጥሬ ነበር። አሥራ አንድ ላይ ደክሞኝ ተውኩት።»

እዚህ ላይ ሕዝቅኤልን ውሸታም ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። ሰውዬው ግን አልዋሸም። ወላጆቹ ከጋሞ ደጋ ወርደው የመጡ ናቸው፤ ባሳደጉት ቤት ምግብ ማለት ተሠርቶ፣ ቀርቦ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ ተጸልዮበት የሚበላ ነው። ዓሣ የሐይቅ ዳር ጨዋታ ነው። ሙዝና ማንጎማ እንደ ዝናብ ከላይ የሚወርድ ስለሆነ «ዘነበብኝ» እንጂ «በላሁ» አይባልም። በአርባ ምንጭ ከተማ አምስት ማንጎ ጨርሶ «ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም» ብሎ የማያማርር ሰው ከተገኘ አደባባይ ላይ ሐውልት ይቁምለት።

ጌጤ አልጮኸችም። አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ጸልየህበታል?»

«ምኑ ላይ?»

«ሙዙ ላይ።»

«ሙዝ ላይ ይጸለያል እንዴ?»

«ከዛሬ ጀምሮ ይጸለያል። ያልጸለይክበት ነገር አፍህ አይገባም። ኮፍያህን አውልቀህ፣ ቆመህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ። ለእያንዳንዱ።»

«ለእያንዳንዱ ሙዝ?»

«እግዜር አይሰለቸውም። የሚሰለችህ አንተ ነህ።»

ስለ ሰው ልጅ ነፃ መውጣት በሌሊት የተበተኑ ወረቀቶች ሁሉ ተሰብስበው ቢነበቡ ይህን የሚያህል አጭርና የሚሠራ መርሐ ግብር አይገኝባቸውም። ማክሰኞ ሕዝቅኤል ለመጀመሪያው ሙዝ ረጅም ጸሎት አደረሰ። ለሁለተኛው አጠር አደረገ። ሦስተኛውን ልጦ ተነሣ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከዚያም ዓይኑን ገልጦ ሙዙን ለአንድ ዓሣ አስጋሪ ሰጠው። እሱ በጸለየ ቁጥር ሌላውም ሰው ለአክብሮት እጁን ከዓሣው ላይ ስለሚያነሣ ዳር እስከ ዳር ሥራ ይቆማል።

«ጋሽ ሕዝቅኤል፣» አለ ዲሪባ ረቡዕ ዕለት፣ «የኛ ጥብስ ዓሣ በረዶ ሆነ እኮ! ወይ ቶሎ አሜን በል ወይ ተወው።»

ሐሙስ አንድ ሙሉ ዘለላ ፊቱ አስቀምጦ ባንድ ጸሎት ሊጨርሰው ሞከረ። ጌጤ ማታ ስትሰማ «በጅምላ አይሆንም» ብላ ሻረችው። ሊያታልላት ይችል ነበር፤ ሐይቁ ዳር አልነበረችም። ሊያታልል ያልቻለው ግን ዓይኑን ጨፍኖ የሚያነጋግረውን ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ለብቻ የሚቀርበው ሳህን በይፋ ተሻረ። «በዚህ ቤት አንድ ሰው ብቻውን አይከሳም፤ የሚበላው ሁሉም የሚበላው ነው» አለች ጌጤ። ትሪው አንድ ሆነ፤ የሚቀርብበት ግን ተለወጠ። ኩርኩፋው ዱቄቱ አንሶ ቅጠሉ በዛ። ሕዝቅኤል ይዞት የሚመጣው ዓሣ ዘይት ውስጥ መዋኘቱን ትቶ በሽንኩርትና በቲማቲም ተቀቀለ። ጎደሬው፣ ስኳር ድንቹ፣ ጎመኑ፣ ዳጣው እንደነበረ ቀጠለ። ቅቤ የእሑድ ሆነ። ጉርሻን በተመለከተ ልዩ ደንብ ወጣ፤ ከሕዝቅኤል ወደ ሌላው ተፈቀደ፣ ከሌላው ወደ ሕዝቅኤል ተከለከለ።

«ቅቤው የት ሄደ?» አለ ካሌብ።

«እሑድ ይመጣል።»

«ዛሬ ምንድነው?»

«ማክሰኞ።»

ካሌብ እንደ ተጨቆነ መደብ አለቀሰ። ቀምሶ ግን ደገመ፤ ሲደግም አባቱን «እማዬ የሠራችው ዓሣ ከሐይቁ ዳሩ አይሻልም?» ሲል ጠየቀው። የሕዝቅኤል አፍ ሞልቶ ነበር፤ ተጸልዮበታል። ማታ ማታም ሚኒባሱን ትቶ ከሲቀላ ሴቻ ድረስ ያለውን ዳገት በእግሩ ይወጣ ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት አራት ቦታ አረፈ። በስድስተኛው አንድ ቦታ ብቻ፣ እሱም አንድ የሚያውቀው ሰው ሰላም ስላለው ነው።

በገና ዋዜማ ባስኩሉ ላይ ወጣ። ልክ ዘጠና! ለዲሪባ ነገረው፤ ዲሪባ አቀፈው። ለካስ ያን ሁሉ ስብሰባ የሚወዱት ሊቀመንበር የመመዘኛውን ቀን ሲቆርጡ የቀን መቁጠሪያ አላዩም። ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ገና ነው። ጌጤም ሰው ናት፤ ለበዓሉ ቅቤ የጠጣ የቡላ ገንፎ አቀረበች፣ ክትፎም ነበረ፣ ዘመድም መጣ። ሕዝቅኤል ደንቡን አንድም ጊዜ አልጣሰም። ለእያንዳንዱ ጸለየ። ያን ቀን ብቻ ጸሎት አልሰለቸውም።

በማግስቱ ባስኩሉ በጋሪ ተጭኖ ሐይቁ ዳር መጣ። አባላቱ ከበቡት። ጌጤ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ቆመች። አቶ ማቴዎስ ደንቡን አነበቡ፦ በማኅበሩ ሚዛን ላይ ያረፈን ነገር ቁጥር የሚናገረው ሚዛን ያዡ ብቻ ነው። ስለዚህ ሕዝቅኤል ራሱ ባስኩሉ ላይ ወጥቶ ራሱ ሊናገር ሆነ። ቁጥሩ ወደሱ የዞረ ነው፤ ከሱ ሌላ የሚያየው የለም። ዘጠና ቢል ዘጠና ነው።

ጫማውን አውልቆ ወጣ። አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዘጠና ሁለት።»

«ደግመህ እይ!» አለ ዲሪባ።

«አይቻለሁ። ዘጠና ሁለት ነው። ቆሮሶውንም እንዲሁ ነው የማነበው።»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ይሄ ሰውዬ ግማሽ ኪሎ ይቆርጥብናል» ሲሉ የኖሩ ሰዎች መሬት መሬቱን አዩ።

«እንግዲህ ውሳኔው ዘጠና ይላል» አሉ አቶ ማቴዎስ።

«ውሳኔው ጀልባ አይነዳም» አለ ዲሪባ። «የምነዳው እኔ ነኝ። ግባ ጋሽ ሕዝቅኤል፣ የድሮ ቦታህ ላይ ተቀመጥ።»

ሕዝቅኤል ገብቶ ግራ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ጀልባዋ ቀጥ እንዳለች ቀረች። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው አጨበጨበ። ጌጤ ግን ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች።

«አቶ ማቴዎስ፣ እርስዎ መረከቢያውን ሊጎበኙ ሲሄዱ ስንት ኪሎ ሆነው ነው የሚሳፈሩት?»

አቶ ማቴዎስ ኮታቸውን ሆዳቸው ላይ ለመቆለፍ ሞከሩ፤ ቁልፉ እሺ አላለም። «እኔ የምሳፈረው በኃላፊነት ነው።»

«ኃላፊነቱም ይመዘን፤ ባስኩሉ ይኸው።»

ሐይቁ ዳር በሳቅ ፈረሰ። አቶ ማቴዎስ ወደ ባስኩሉ ሳይሆን ወደ መንገዱ ተራመዱ፤ እየተራመዱም ጉዳዩ እሑድ ከአምልኮ መልስ በጠቅላላ ጉባኤ በእጅ ማውጣት እንደሚወሰን አስታወቁ። ዲሪባ ሞተሩን አስነሣ፤ ሕዝቅኤልን ይዞ ወደ ሥራ ሄደ።

እንግዲህ አንተ ይህን የምታነብ የማኅበሩ አባል፣ እሑድ እጅህን ለማውጣት ከወዲሁ እጅጌህን እየሰበሰብክ መሆንህ ይታወቃል። መብትህ ነው፤ ማንም አይነካብህም። ባለጋሪው ስላልተመለሰ ግን ባስኩሉ እስካሁን ሐይቁ ዳር ቆሟል፣ ሰውም የለበትም። ስለዚህ እጅህን ከማውጣትህ በፊት እባክህ ጎራ በልና፣ ጫማህን አውልቀህ፣ አንዴ እላዩ ላይ ወጥተህ ቁጥሩን ጮክ ብለህ...